የተሸለመው የአባባ ድምፅ

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፣

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለህ? እርጥብ አንሶላ ከማጠቢያው ስጎትት ቀጭ አለብኝ ያልከውን ቀልደህ ብታልፈውም እኔ አልሳቅኩም፤ አንተ ሲያምህ የምትቀልድ ሰው እንደሆንክ ከልጅነታችን ጀምሮ አውቅሃለሁ። ባለቤትህ ደህና ናት? ትልቋ ልጅህ ጥርሷ ወጣላት ወይስ አሁንም በድዷ ነው የምትስቀው? ትንሹስ ስሙ ሲጠራ ዞር ማለት ጀመረ? የምትኖሩበት ፎቅ ማሞቂያውን ጠገኑላችሁ? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የምጠይቅህ መልሱንም በአንድ ትንፋሽ እንድትጽፍልኝ ነው።

እኛ አለን። እማዬ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። አክስታችን ጆሮዋ ጨርሶ ደክሟል፤ ሰው የሚያወራውን ከፊቱ እያነበበች አንዳንዴ ካወራው በላይ ታውቃለች። ባለቤቴ ያንኑ አውቶቡስ ይነዳል፤ ማዕድ ስንቀርብ እንኳ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ወደ ውስጥ ግቡ» እያለ ያስቸግረናል። ናፍቆቱን አልጽፈውም። ከጀመርኩት ለሌላው ነገር ቦታ አይተርፍም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ስላቃተኝ ነው። ድምፅህን ስሰማ አፌ ይተሳሰራል። ያለብኝ ጉዳይ ሁለት ነው። አንደኛው የግንቦቹ ማኅበር የላከልህ የፈቃድ ወረቀት ነው፤ ልፈርም ወይስ ልተው ብለህ ጠይቀኸኛል። ሁለተኛው ደግሞ በደወልክ ቁጥር የምትጠይቀኝ ነው፤ እማዬ ለምን ስልክ አትቀበለኝም፣ ምን አስቀየምኳት ትላለህ። «ተኝታለች፣ ወጣ ብላለች» እያልኩ ስሸፋፍንልህ ከረምኩ። አሁን ግን ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ሆነው ተገኙ፤ ስለዚህ ከሥሩ ልንገርህ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ግንቡ ብዙ ተለውጧል። እኔ ያው ትኬት መስኮቱ ጋ ነኝ። ጎብኚ ሲመጣ ትኬቱን ቆርጬ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ትንሽ መሣሪያና የጆሮ ማዳመጫ እሰጠዋለሁ። መሣሪያው ውስጥ ያለው አባባ ነው። ከአስጎብኚነቱ ጡረታ ሊወጣ ሲል ማኅበሩ ድምፁን ቀዳው፤ እሱ ቤት ሲውል ድምፁ ሥራ እንዳይፈታ ብለው ነው። አባባም «እንግዲህ እኔ ተኝቼ ደመወዙን ድምፄ ይብላ» ብሎ ሳቀባቸው። አንተ አልሰማኸውም፤ ቅጂው ከግንቡ አይወጣም።

«በሉ እንግዲህ፣ ተከተሉኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሰዉም ይከተለዋል። ዝቅተኛው በር ጋ ሲደርስ «እዚህ ጋ ጎንበስ፤ ራስ ገበያ ላይ አይገኝም» ይላል። ያ በር ከመስኮቴ ፊት ለፊት ነው። እኔ የምሰማው ነገር የለም፤ ማዳመጫው ያለው በሰዎቹ ጆሮ ነው። ግን የማላውቃቸው ሰዎች አንድ በአንድ ጎንበስ ሲሉ አባባ አሁን እዚያ ጋ እንደደረሰ አውቃለሁ። በሩ የማይደርስባቸው ሕፃናት እንኳ ጎንበስ ይላሉ። ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ደግሞ ያስላል። ቀጂው ቆርጦ ሊያወጣው ነበር፤ ሳያወጣው ቀረ። አሁን ጎብኚዎቹ እዚያ ሲደርሱ ሳያስቡት አብረውት ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አባባ ባረፈ ሰሞን እየተነሳሁ ከመስኮቱ እሸሽ ነበር። ከዚያ ለመድኩት አልልህም፤ የምሸሽበት ስላጣሁ ተቀመጥኩ።

ማኅበሩ ለአባባ ከሞተ በኋላ የሰጠው ሽልማት «በአካባቢው ቤተ መዘክሮችና ግንቦች መካከል ላለው ትብብር ለተበረከተ አስተዋፅኦ» ይላል። አባባ ይህን ቢሰማ ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር ነው ይል ነበር። ግን ይገባዋል። ድሮ ግንቦቹ እንዴት እንደነበሩ ታስታውሳለህ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ለጎብኚ የእኛን «ፍርስራሽ ነው፣ አትድከሙ» ይሉ ነበር፤ የእኛዎቹም ስለ እነሱ የሚሉት ከዚያ የባሰ ነበር። አባባ ጉብኝቱን ሲጨርስ በእጁ ማዶውን እያሳየ «እኔ ግማሹን ነው የነገርኳችሁ፣ ቀሪውን እዚያ ሂዱና ጠይቁ» ማለት ጀመረ። ማዶዎቹ መጀመሪያ ምን ፈልጎ ነው ብለው ጠረጠሩት። ቆይተው እነሱም መላክ ጀመሩ። ከዚያ መሰላል መዋዋስ መጣ፣ ወንበር መዋዋስ መጣ። የዚያ የጥንት አልጋ ነገርም አለ፤ ራስጌው እኛ ጋ፣ እግርጌው እነሱ ጋ ሆኖ የሁለቱ ግንብ ሰዎች ለስንት ዘመን የተኮራረፉበት። አባባ ነው በጋውን እዚህ፣ ክረምቱን እዚያ ተገጣጥሞ እንዲታይ ያስማማቸው። አሁን ሌሎቹ ግንቦችም ገብተውበት አልጋው ከእኔና ካንተ የበለጠ አገር አይቷል።

ሽልማቱ የተሰጠው ከሰዓት በኋላ፣ በትልቁ አዳራሽ ነበር። እማዬ ጥቁር ሻሿን አስራ ከፊት ተቀመጠች፤ እኔና አክስታችን ግራና ቀኝ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ደግ ሴት ናት፣ ስለ አባባ ጥሩ ጥሩ ነገር ተናገረች። ከዚያ «አሁን ደግሞ ተሸላሚው ራሳቸው ያመሰግናሉ» አለች። እኔ የድሮውን ቅጂ ሊያሰሙን መስሎኝ ነበር። ከድምፅ ማጉያው ግን አባባ «ክቡራትና ክቡራን፣ ለዚህ ታላቅ ክብር በመብቃቴ የተሰማኝ ደስታ ወሰን የለውም» አለ።

እሱ ነው። ያ ሻካራው ድምፁ፣ ቃል ሲጀምር ትንሽ የሚጎትተው ነገር፣ ሁሉም አለ። መሣሪያ ከድሮው ቅጂ እየለቀመ የፈለጉትን ያናግረዋል አሉ። አባባ በዕድሜ ልኩ ክቡራን ያለው ሰው የለም፤ ሚኒስትር ሲመጣ እንኳ «በሉ እንግዲህ፣ ተከተሉኝ» ነበር የሚለው። «ውድ ባለቤቴንም አመሰግናለሁ» ሲል እማዬ ዞር ብላ ከኋላችን የተቀመጠችውን ሴት አየቻት። ታውቃለህ፣ እሱ እሷን ከ«አንቺዬ» ሌላ ጠርቷት አያውቅም። መጀመሪያ ድምፁን ስትሰማ ግን ከወንበሯ ብድግ ልትል ስትል አይቻታለሁ፤ ከሥራ ሲገባ እንደምትነሳለት። ከዚያ ቀስ ብላ ተመለሰች።

ሰዉ አጨበጨበ፤ ያለቀሱም ነበሩ። ምንም የማትሰማው አክስታችን «ማነው የሚናገረው?» አለችኝ። የእማዬን ፊት ትክ ብላ አየችና «ወንድሜ ነው እንዴ?» አለች፤ ያለችው ጮክ ብላ ስለነበር ጭብጨባው ቀጥ አለ። ሊቀ መንበሯ ከእንጨት የተሠራ፣ በግንብ በር አምሳል የተጠረበ ሽልማት ለእማዬ አስረከበች። እማዬ ተቀብላ እጅ ነሳች።

ወረቀቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በማኅበሩ ውስጥ ያሉት ግንቦችና ቤተ መዘክሮች ሁሉ የየራሳቸውን ታሪክ በአባባ ድምፅ እንዲያስነግሩ እኛ፣ ማለት እማዬ፣ አንተና እኔ፣ እንድንፈቅድ ነው። ክፋት የለበትም፤ አክብረውት ነው። እማዬ ዓይኗን ሳታሽ ፈረመች። እኔ እምቢ አልኩ። አባባ ያላለውን ሁሉ ሊል፣ ረግጦት የማያውቀውን ክፍል «ተከተሉኝ» ሊል ነው፤ አላስችል አለኝ። በእማዬም ተናደድኩ። ድምፁን ለመስማት ስትል ማንም አፉን እንዲነዳው ፈቀደች ብዬ ነው። ተኮራረፍን። እሷም ወረቀቱ ላንተ ይሂድ፣ የቤቱ ታላቅ እሱ ነው አለች። ውሳኔው አንተ ጋ የመጣው እንዲህ ነው።

እስከዚያው የማኅበሩ የድምፅ ባለሙያ ለሙከራ የተዘጋጀ ጽሑፍ ቤት ድረስ አመጣልኝ፤ ትሑት ሰው ነው፣ ጫማውን ደጅ ላይ አራግፎ ነው የሚገባው። በግንቡ አዲስ ስለተከፈተው ምድር ቤት ነው ጽሑፉ። «በዚህ ምድር ቤት የጥንቱ ጠባቂ ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰማል» ይላል። መሣሪያው ግን በአባባ ድምፅ «ይሰማል»ን አላልቶ አነበበው። ጠብቆ ሲነበብ ድምፁ ለሰው ጆሮ ይደርሳል ማለት ነው፤ ሲላላ ደግሞ ድምፁ ራሱ ያዳምጣል ማለት ይሆናል። ባለሙያው ፊደላችን ይህን እንደማይለይ፣ አንባቢ ግን ከልምዱ እንደሚያውቀው፣ መሣሪያው ደግሞ አንባቢ እንዳልሆነ እየሳቀ አስረዳኝ። እኔ አልሳቅኩም። የጠባቂው ድምፅ እስከ ዛሬ ያዳምጣል ብሎ የነገረኝ አባባ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ማዳመጫዎቹ በተሰቀሉበት ሳልፍ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ሳቅብኝ ከፈለግክ።

ባለሙያው ወረቀቱ ላይ፣ ከዚያች ቃል ራስጌ፣ ለእርማት ብሎ በቀይ «እዚህ ላይ ይጠብቃል» ብሎ ጻፈና ሄደ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትቼው ወጣሁ።

በማግስቱ እማዬ ግንቡ ድረስ መጣች። ከቀብሩ ወዲህ ለሽልማቱ ካልሆነ ረግጣው አታውቅም። ዘንቢሏን ይዛ መስኮቴ ጋ ቆመችና ትኬት ቁረጪልኝ አለችኝ። «ምን ሆነሻል እማዬ፣ ግቢ» አልኳት። ማዳመጫ ስሰጣት አልፈልግም ብላ ገባች። ዝቅተኛው በር ጋ ስትደርስ ማንም ሳይነግራት ጎንበስ አለች። ልቤ ቀላል ሆነ፤ ኩርፊያው አለቀ ብዬ። ሰው በዝቶብኝ ረሳኋት። ስንዘጋ ማዳመጫው ሁሉ ተመልሷል፤ እማዬ የለችም።

ምድር ቤቱ ውስጥ አገኘኋት። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች፤ ዘንቢሉ ጭኗ ላይ ነው፣ ዘንቢሉ ውስጥ የአባባ ሹራብ አለ። ምን ትሠሪያለሽ ስላት እንደ ጥፋተኛ አየችኝ። ወረቀቱ ምድር ቤት ይላል፣ ከዚያ «እዚህ ላይ ይጠብቃል» ይላል፣ የተማረ ሰው ነው የጻፈው አለችኝ። ሹራቡንም ያመጣችው ቦታው ይቀዘቅዛል ብላ ነው። አንጀቴን በላችው፣ ወንድሜ። የሚጠብቀው ፊደሉ እንጂ ሰውየው አይደለም ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ፤ በወረቀት ላይ ሁለቱ ቃል አንድ ዓይነት ነው አልኳት። ሰማችኝና ሞኝ እንዳልሆነች፣ እንደቀበረችው፣ አፈር ሲገባም እንዳየች ነገረችኝ። ቀጥላ ግን «እሱ ባይጠብቅም እኔ እየጠበቅኩ ነው» አለች።

ከዚያ እስከዛሬ ያልነገረችኝን ነገረችኝ። አባባ ያረፈ ዕለት ጠዋት ከቤት ሲወጣ፣ እንደ ወትሮው፣ «መጣሁ» አላት። እሷም እሺ አለችው። ሌላ ቃል አልተለዋወጡም። ሰው ከቤት ሲወጣ የሚለው ነው፤ አንተም ብለኸዋል፣ እኔም በየቀኑ እለዋለሁ። እሷ ግን ከዚያች ቃል መውጣት አልቻለችም። ቀብራው መጥታ፣ አልቅሳ፣ ልብሱን አጣጥፋ፣ አሁንም በር በተንኳኳ ቁጥር አንድ ነገሯ ይነሳል። ልብ ብለህ አድምጠኝ። ስልክ የማትቀበልህ በዚሁ ነው። ድምፅህ የእሱ ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን። አንተ «ሃሎ» ስትል አባባ ነው የሚላት። ሁልጊዜ ስልኩን ስትዘጋ ደግሞ «መጣሁ እኮ፣ ትንሽ ጠብቁኝ» ትላለህ። ባለፈው ዓመትም ብለኸናል፣ ካቻምናም። ይህን ስሰማ አላስችል ይለኛል አለችኝ። አላስቀየምካትም።

የፈቃዱን ወረቀት የፈረመችው እኔ እንዳሰብኩት አልነበረም። ድምፁን ማቆየት አልፈለገችም። ያንን ባለሙያ ለብቻው ለምና አንዲት ዓረፍተ ነገር ልታስነግረው ነበር፤ «አንቺዬ፣ ሄጃለሁ፣ አትጠብቂኝ» እንዲላት። እኔ ደግሞ ስንት ቀን ሙሉ ስኮርፋት ነበር። እሺ ታዲያ፣ እኔም እፈርማለሁ፣ ይበልልሽ አልኳት። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። ከፈረመች በኋላ ሽልማቱ ላይ ክቡራን ያለውን ስታስበው ሐሳቧን ለውጣለች። ያ አፍ የሰጡትን ሁሉ ይላል፤ የሰጡትን ሁሉ የሚል አፍ ሄድኩ ቢለኝ አላምነውም አለች። የሰው አፍ ይሁን፣ የልጄ አፍ ይሁን አለች። ሹራቡን እኔ ያዝኩት፤ ክንዴን ይዛ ወጣች።

ስለዚህ አትፈርም። እማዬም ፊርማዋን ሰርዛለች፤ ሊቀ መንበሯን ራሴ አነጋግሬያታለሁ፣ አልከፋትም። የድሮው ቅጂ ከነሳሉ እንደነበረ ይቀጥላል፤ ሌሎቹ ግንቦች ከፈለጉ እሱኑ ይዋሱ፣ መዋዋስ ያስተማራቸው እሱ ነው። ሽልማቱንም አንመልስም።

ካንተ የምንፈልገው ስልክ እንድትደውል ነው። እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ሥራ በማትገባበት ሰዓት። እኔ አነሳለሁ፤ አንተ ሃሎ ሳትል እሰጣታለሁ። እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ አትበላት። የምትላትን ታውቃለህ። ስትጨርስ ዝም በል፤ እሷ የምትለው ይኖራል። ከዚያ በኋላ ልጇ ሁነህ እንደገና ትደውላለህ፤ ያኔ እንደ ልቧ ታወራሃለች፣ የማሞቂያውንም የልጆቹንም ትጠይቅሃለች።

ባለቤትህን በጣም አድርገህ ሳምልኝ፤ አንተን የቻለች ሴት ናት። ትልቋን በባዶው ድዷ ላይ ሳምልኝ፣ ትንሹን አንገቱ ሥር። ከታች ፎቅ ላለችው ለዚያች ለደጓ ጎረቤታችሁ ሰላምታዬን አድርስ። አክስታችን ፎቶህን እያየች ከስቷል ትላለች፤ ፎቶው የድሮ ነው ብላትም አትሰማኝም። ባለቤቴ እጅ ነስቶሃል፤ ተሳፈርና ና፣ የአውቶቡሱ በእኔ ብሏል። እማዬ ሰላምታ አልላከችም። ሰላምታውን በአፌ እሰጠዋለሁ ብላለች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ወንድምዓለም፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። እሑድ «ሄጃለሁ፣ አትጠብቂኝ» ስትላት እኔም አጠገቧ ሆኜ እሰማሃለሁ። እሷ የአባባን ትሰማለች። የአባባን ብቻ በል እሺ፣ ያንተን አትጨምርበት።

እህትህ
ከግንቡ ትኬት መስኮት፣ ኅዳር ፱ ቀን